የተሰበረው እንጨቱ ነው

ሰኔ 3

የሞዴል አውሮፕላን ሠሪዎች ማኅበራችን ዛሬ በሙሉ ድምፅ የማጣበቂያ ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርጎ መረጠኝ። ሙሉ ድምፅ ስል፣ ስብሰባው ላይ የተገኘነው አምስት ሰዎች ነን፤ አንዱ ደግሞ ዝናቡን ለማሳለፍ የገባ መንገደኛ ነበር። ቢሆንም እጁን አውጥቷል፤ ተቆጥሯል። ሊቀመንበራችን ኮማንደሩ ኃላፊነቱ ከባድ መሆኑን አሳስቦኛል። (ኮማንደር የተባለው አንድ ጊዜ በአውሮፕላን ሲሄድ መስኮት አጠገብ ስለተቀመጠና ከዚያ ወዲህ ስለሌላ ነገር ሲያወራ ስላልተሰማ ነው።) አምና ትርኢታችን ላይ ሦስት አውሮፕላኖች አየር ላይ ተበታትነው፣ ሕዝቡ የዝግጅቱ አካል መስሎት አጨብጭቧል። ዘንድሮ በየትኛው ማጣበቂያ እንደምንሠራ የምወስነው እኔ ነኝ።

እራት ላይ ለቤተሰቤ አበሰርኩ። ባለቤቴ እንኳን ደስ ያለህ ብላ ሳህን አነሳች። ልጄ ግን የራሷ ወሬ ነበራት። የውኃ ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ አግኝታለች። ከተማው ሩቅ ነው፤ አውቶብሱ ጠዋት ተነሥቶ ማታ ነው የሚደርሰው። ነሐሴ ውስጥ ትሄዳለች። ጥሩ ነው፤ ደስ ብሎኛል። ከዚያ አውሮፕላን ወደምሠራበት የኋላ ክፍል ገብቼ እስኪደክመኝ ኢፖክሲ ስለሚባለው ማጣበቂያ አነበብኩ።

ሰኔ 5

ልጄ "አባዬ፣ ከመሄዴ በፊት አውሮፕላናችንን እንጨርሰው" አለችኝ። ንድፉን አብረን የሣልነው አራተኛ ክፍል እያለች ነው፤ ከሥራ ጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቢጫ ሆኗል። ጥሩ እንጨት ሲገኝ እንሠራዋለን እላት ነበር። አምና በራሷ ገንዘብ ባልሳ ገዝታ መጣች፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣ፣ እጅ ላይ መኖሩ የማይታወቅ ቀላል እንጨት ነው። የክንፉን ጎድኖች አንድ በአንድ ቆርጣ በካርቶን አስቀምጣቸዋለች። የቀረው ማጣበቅ ብቻ ነው ትላለች።

"ማጣበቅ ብቻ" የሚለው አነጋገር ነው አምና ሦስት አውሮፕላን የበላው። ኮላ አለ እኮ አለችኝ፤ አናጢ ሁሉ የሚጠቀምበትን ነጩን ማለቷ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ አልኳት። መጀመሪያ ማጣበቂያው ይመረጣል፤ ከዚያ እንጨርሰዋለን። እሺ ግን ቶሎ በል አለች። የዛሬ ልጆች ትዕግሥት አልፈጠረባቸውም።

ሰኔ 11

እኔ በመሥሪያ ቤቴ ዋና የሚዛን መርማሪ ነኝ። በዚህ ከተማ አንድ ኪሎ አንድ ኪሎ የሚሆነው እኔ ስፈርም ነው። ስለዚህ ሙከራውም በወጉ ይካሄዳል። ከጎድኖቹ የተረፉ ሁለት የባልሳ ቁራጮችን ደራርቤ አጣብቃለሁ፤ በልብስ መቆንጠጫ ይዤ አሳድራቸዋለሁ፤ ሲደርቁ የሚዛን ድንጋይ እያንጠለጠልኩ እስኪላቀቁ እጨምራለሁ። ድንጋዮቹን ከመሥሪያ ቤት ለአጭር ጊዜ ተውሻቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ተፈታኝ ኮላ ነበር። ድንጋይ ስጨምር፣ ስጨምር፣ ቀጭ አለ። አንሥቼ ሳየው የተሰበረው እንጨቱ ነው፤ የተጣበቀው ቦታ ንቅንቅ አላለም። ሙከራው ውድቅ ነው። እኔ የምፈትነው ማጣበቂያ እንጂ እንጨት አይደለም። ሚዛን ስመረምር ነጋዴውን ሚዛን ላይ አላወጣውም።

ሰኔ 14

ሱፐር ግሉ። የተሰበረው እንጨቱ ነው። ውድቅ።

አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ እንደተጣበቁ ለቁጥጥር ገበያ ወጣሁ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ እጄን አየችና ጉቦ የጠየቅኳት መስሏት ብር ልታስጨብጠኝ ሞከረች። መለስኩላት። ቀጥሎ ያለው ነጋዴ ደግሞ ገና ሳልደርስበት እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ከሰዓት በኋላ እጄን ኪሴ ከትቼ ዋልኩ።

ሰኔ 20

ማስቲሽ ሞከርኩ፤ ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት። ሽታው ቤቱን ሞላው። ባለቤቴ መስኮቱን ሁሉ እየከፈተች "አውሮፕላኑ ጫማ ሊያደርግ ነው እንዴ?" አለችኝ። በቂም ነው የምትናገረው፤ የልብስ መቆንጠጫዎቿ እኔ ጋ ስለሆኑ ልብሱ በነፋስ እየወደቀባት ነው።

ኋላ ውኃ ልጠጣ ስወጣ ወጥ ቤት ከልጄ ጋር ሲነጋገሩ ሰማሁ። ባለቤቴ "አባትሽ የሚፈራው ሙጫውን አይደለም" አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። እውነት ለመናገር ሙጫውንም እፈራለሁ፤ ኢፖክሲ ቆዳ ያሳክካል።

ሐምሌ 2

ትርፍራፊው እንጨት አለቀ። ኮምፔንሳቶ ላይ ሞከርኩ፤ ድንጋዬ ሁሉ ተንጠልጥሎበት አልበገር አለ። ካርቶን ላይ ሞከርኩ፤ ካርቶን ምኑም አያስተማምንም። ትክክለኛ ውጤት የሚገኘው ከትክክለኛው እንጨት ብቻ ነው። ከልጄ ካርቶን ሁለት ጎድን ወሰድኩ። ሁለት ብቻ ነው። ለመጠባበቂያ ብላ ተጨማሪ ሳትቆርጥ አትቀርም።

የተሰበረው እንጨቱ ነው።

ሐምሌ 6

መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚዛን ድንጋዮች ጠፍተዋል ተባለ። ኃላፊያችን በጣም ተቆጥተው አጣሪ እንዲቋቋም አዘዙ። አጣሪው እኔ ነኝ። ምርመራው ጥንቃቄ ስለሚጠይቅ ጊዜ ሊወስድ እንደሚችል አስረዳኋቸው፤ አመኑኝ።

ሐምሌ 9

የንዑስ ኮሚቴው ስብሰባ። አባላቱ እኔና ፋርማሲስቱ ነን። ፋርማሲስቱ ከሱፐር ግሉ ሌላ አያውቅም፤ አንድ ጠብታ አድርገህ አሥር ቁጠር፣ አለቀ ይላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አልኩት። አምና ሲሮጥ የታጠቀው የእሱ አውሮፕላን ነበርና አኮረፈ።

አንድ ነገር ላይ ግን ተስማማን። ረቂቁ የእኔ ነው። አንቀጽ አራት፦ አንድ አውሮፕላን በአንድ ዓይነት ማጣበቂያ ብቻ ይሠራል፤ ቀላቅሎ የተገኘ ከትርኢቱ ይታገዳል። ፋርማሲስቱ አንቀጽ አንድ፣ ሁለትና ሦስት የት አሉ አለ። እነሱ ውጤቱ ሲታወቅ ይጻፋሉ።

ሐምሌ 15

ዝናብ። እርጥበት። ኢፖክሲው አልደርቅ አለ። ልጄ ልብሷን የምትከትበትን ሻንጣ ከአሁኑ አውጥታ መተላለፊያው ላይ አስቀምጣዋለች። በጨለማ አደናቀፈኝ። ገና ስንት ጊዜ እያለ ሻንጣ ማውጣት ምን ይባላል።

ሐምሌ 16

ደረቀ። እንጨቱ። ሁለት ጎድን።

ሐምሌ 19

እንጨቱ። ሁለት ብቻ። ስለ ሻንጣው በድጋሚ ተናገርኩ።

ሐምሌ 23

ጉድ አገኘሁ። ልጄ ኮሚቴው ሳይወስን የአውሮፕላኑን ገላና ጅራት በኮላ ገጣጥማ ቁም ሣጥኗ ላይ አስቀምጣዋለች። ዕቃ ፍለጋ ገብቼ ነው ያየሁት። ቀጥ ብሎ፣ አፍንጫው ላይ አየር የሚቀዝፈው ማሽከርከሪያ ተገጥሞለት፣ እሱን የሚያዞረው ላስቲክም ሆዱ ውስጥ ገብቶለት፣ ክንፉን ብቻ ይጠብቃል።

ጅራቱን ያዝ አድርጌ ሳብኩት። ጠንከር አድርጌም ሳብኩት። አልላቀቅ አለ። ይህ ምንም አያረጋግጥም። ወደ ቦታው መልሼ ምንም እንዳላየ ሰው ወጣሁ። እውነቱን ልጻፈው፣ ያምራል። እንዲህ በፍጥነት መሥራቷን ግን አልወደድኩትም።

ነሐሴ 1

ልጄ ማታ ማታ በሩ ላይ ቆማ "ዛሬስ?" ትለኛለች። እኔም "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" እላታለሁ። ዛሬ ግን አልሄደችም፤ በርጩማ ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። መቆንጠጫዎቹን በቀለም በቀለማቸው መደርደር ጀመረች፤ ልጅ ሆና እንደምታደርገው። ቆይታ "እዚያ እኮ አንድም ሰው አላውቅም። ትንሽ ፈርቻለሁ" አለች።

ሱፐር ግሉ በእርጥበት ጊዜ ከመጠን በላይ እንደሚፈጥን፣ ኮላ ደግሞ እንደሚዘገይ አስረዳኋት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ ደህና እደር ብላ ሄደች።

ሌላ ነገር ማለት ነበረብኝ መሰለኝ። ከአልጋ ወርጄ ይህን ስጽፍም ምን እንደሆነ አልመጣልኝም። አሁን ገና መጣልኝ፤ ግን ተኝታለች።

ነሐሴ 8

ልቤ ስንጥቅ ብሏል። ዛሬ ለመጨረሻው ሙከራ ሁለት ጎድን ብቻ ልወስድ ካርቶኑን ስከፍት ባዶ ነው። ገለበጥኩት፤ አራገፍኩት፤ ዱቄት ብቻ ወረደ። ሁለት ሁለት እያልኩ ክንፉን ጨርሼዋለሁ። መጠባበቂያ ብላ አልቆረጠችም ነበር።

እንጨቱን ወደ ገዛችበት ሱቅ ሮጥኩ። ባለሱቁ ባልሳ ክረምቱ ሳይወጣ አይመጣም አለኝ። የሚከፈለው ተከፍሎ አይመጣም ወይ አልኩት። እኔ መርከብ የለኝም አለ። ስመለስ ካርቶኑን ዘግቼ እንደነበረ አስቀመጥኩት። ከላዩም ከባድ መጽሐፍ አደረግኩበት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

የሰውን ሚዛን ስመረምር የኖርኩ ሰው ነኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። እንዴት ነው ይህን ለእሷ የምነግራት?

ነሐሴ 12

አልነገርኳትም፤ ራሷ ደረሰችበት። "ዛሬ ማጣበቂያ ቢመረጥም ባይመረጥም ክንፉን እንሠራለን" ብላ መጽሐፉን አነሳች፤ ካርቶኑን ከፈተች። ቆማ አየችው። አንገቴን ደፋሁ። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አልጮኸችም። ከጠረጴዛዬ ሥር የውድቅ ሙከራዎቼን ሣጥን ጎትታ አወጣችና ስብርባሪውን አንድ በአንድ መብራት ላይ እያነሳች ታይ ጀመር። እያንዳንዱ ላይ የማጣበቂያው ስም በእርሳስ ተጽፏል።

"አባዬ፣ እነዚህ ሁሉ እኮ ይዘዋል።"

እንጨቱ ስለተሰበረ ውጤቱ እንደማይቆጠር ነገርኳት።

"ማጣበቂያው ከእንጨቱ ከበረታ ሌላ ምን ልታገኝ ነበር? መጀመሪያ ቀን አግኝተኸው ነበር እኮ።"

ስብርባሪውን ወደ ሣጥኑ መልሳ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ እንዲህ አለች፦

"አውሮፕላኑ ቢያልቅም ባያልቅም እሄዳለሁ።"

ስለ እርጥበቱ ልናገር አፌን ከፈትኩ። እያለቀስኩ ነበር። ሱፐር ግሉ ዓይን ያስለቅሳል አልኳት። ክዳኑን አየችው። ተከድኗል። ትከሻዬን አቅፋ ተቀመጠች። በሩ ላይ ባለቤቴ ቆማ እንደነበር ኋላ ነው ያየሁት። እሷም ሱፐር ግሉ ደርሶባታል።

ነሐሴ 13

ዛሬ ሠራን። ስብርባሪውን መልሰን እየቀጠልን፣ የጎደለውን ከዚያው ከሣጥኑ እየሞላን፣ ሁሉንም በኮላ። ባለቤቴ መቆንጠጫዎቿን ራሷ ልትይዝልን መጣች፤ ከዓይኗ እንዲርቁ አልፈለገችም። "ሰው ክንፍ ይሰብራል እንጂ ሰብሮ መልሶ ክንፍ ይሠራል?" እያለች ሳቀችብን። እኔም ሳቅኩ። ከሰኔ ወዲህ የኋላው ክፍል ውስጥ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ነሐሴ 16

ክንፉ ተገጠመ። ግራው ከቀኙ ይከብዳል፤ ኢፖክሲዎቹ ሁሉ ወደዚያ ስለሄዱ ነው። በስስ ወረቀት አለበስነው። ወረቀቱ ስስ ስለሆነ ከሥሩ ጽሑፌ ይነበባል፦ ኮላ፣ ማስቲሽ፣ ውድቅ፣ ውድቅ፣ ኢፖክሲ፣ ውድቅ።

ድንጋዮቹን መሥሪያ ቤት መለስኳቸው። አጣሪው ባደረገው ያላሰለሰ ጥረት ተገኙ ተባለ። ምስጋና ተጽፎልኛል፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ኃላፊያችን ፈረሙበት።

ነሐሴ 20

የትርኢቱ ቀን። ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ያለው ሜዳ በገመድ ታጥሯል። ዝናቡም እንደ ዕድል ቆሟል። መግቢያው ላይ ፋርማሲስቱ አውሮፕላናችንን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አነሳው፤ ክንፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ከዚያ በደስታ "አንቀጽ አራት" አለ።

ረስቼው ነበር። ወደ ኮማንደሩ ሄድኩ። ኮማንደሩ በአየር ላይ ሕግ ካልተከበረ ምን እንደሚከተል እሱ በመስኮት በዓይኑ እንዳየ አስረዳኝ። አንቀጽ አንድ፣ ሁለትና ሦስት እንኳ የሌሉት ሕግ ነው አልኩት። ያለችውን አንዷን እናክብራታ አለኝ። ደግሞም ያንተው ናት አለ። ራሴ በቆፈርኩት ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ ከላይ ቆሞ የሚያየኝን ምን ልበለው?

ልጄ አውሮፕላኑን ተቀበለችኝና "ከገመዱ ውጭ ያለውም አየር የማኅበሩ ነው?" ብላ ጠየቀችው። ኮማንደሩ ይህ ጥናት ይጠይቃል አለ። ጥናቱን ሳንጠብቅ ከገመዱ ወጣን።

ሣሩ ረጥቧል። እሷ ላስቲኩን በማሽከርከሪያው ጠመዘዘች፤ እኔ ከሆዱ ሥር ያዝኩት። ሲጠመዘዝ እጄ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ልቀቀው፣ አባዬ።"

"ነፋሱን እያየሁ ነው።"

"ነፋስ የለም።"

ቅጠል አይንቀሳቀስም ነበር። ለቀቅኩት።

በረረ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ በረረ። ወደ ግራ እያዘመመ፣ እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገደ፣ ግን ወደ ላይ። ባለቤቴ "ሄደ፣ ሄደ" ትል ነበር። ገመዱን ያለ ፈቃድ አልፎ የማኅበሩ አየር ውስጥ ገባና በሕጋውያኑ ላይ ዞረ። በመጨረሻ የኮማንደሩን ጃንጥላ መታው። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ዘንድሮም የዝግጅቱ አካል መስሎታል። ኮማንደሩ ጃንጥላውን ዘጋና የበረራ አደጋ መድረሱን አስታወቀ።

ሮጠን አነሣነው። ክንፉ ከገላው ተለይቷል። ተንበርክኬ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በጣቴ ዳሰስኩ፤ አንድም የተላቀቀ የለም። ልጄ ከጀርባዬ ቆማ "ምኑ ነው የተሰበረው?" አለችኝ። እያወቀች ነው የጠየቀችኝ።

"እንጨቱ ነው" አልኳት።

ነሐሴ 22

ሄደች። አውቶብስ ተራ ሻንጣውን እኔ ተሸከምኩ፤ ያ ሁሉ ስሞታ ያሰማሁበት ሻንጣ ቀላል ነበር። ክንፉን በጋዜጣ ጠቅልላ በእጇ ይዛዋለች። ገላው እኔ ጋ ቀርቷል። "ስመጣ እናጣብቀዋለን። እስከዚያ ምንም እንዳትሞክር" አለችኝ። ያን ማታ ልላት የነበረውን አሁን ነገርኳት። አንቺ በገባሽበት ቤት ሁሉ ሰው ይኖርሻል፣ ግን እኔም ፈርቻለሁ አልኳት። አውቃለሁ አለች። ሁላቸውም ያውቁ ነበር ማለት ነው።

አውቶብሱ ሲነሣ ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ። እስኪታጠፍ ቆመን አየነው፤ ከታጠፈ በኋላም ቆየን። መተላለፊያው አሁን ክፍት ነው። ማታ ውኃ ልጠጣ ስወጣ እግሬ ሻንጣውን ይፈልገው ነበር።

ነሐሴ 26

ለማኅበሩ የንዑስ ኮሚቴውን የመጨረሻ ሪፖርት አስገባሁ፦ "ሁሉም ይይዛል። ያዘገየሁት እኔ ነኝ።" ኮማንደሩ ሪፖርቱ አጠረ ብሎ መለሰው። ፋርማሲስቱን ሰብሳቢ አድርገው ጥናቱ እንደ አዲስ እንዲጀመር ወስነዋል። እንጨት ጠየቁኝ፤ የለኝም አልኳቸው።

ልጄ ደወለች። ክንፉን ከአልጋዋ በላይ ሰቅላዋለች። አብራት የምትሠራ ልጅ ጽሑፉን አንብባ "ይህ ሁሉ ውድቅ ምንድን ነው?" ብላ ጠይቃት እንደነበር ነገረችኝ። ምን አልሻት አልኳት። አባቴ ነው አልኳት አለች። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለባለቤቴ ናፍቃኛለች አልኩ፤ እንዲሁ፣ ያለ ምንም ማስረጃ።

ከሥራ ስመለስ በሱቁ በኩል አለፍኩ። አዲስ ማጣበቂያ መጥቷል። በበጋም በዝናብም ይሠራል ይላል። አልፌው ሄጄ ተመለስኩና ገዛሁት። አልከፈትኩትም። ገላው አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። ጎኑ ላይ የሚያበቃበት ጊዜ ተጽፏል፤ መነጽሬን አድርጌ አየሁት። የልጄ የመጀመሪያ የዕረፍት ፈቃድ ከዚያ በፊት ነው።